ዲግሪው ምን ያህል ያወጣል?

(በሮቤ በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ አርእስት «የኮሌጅ ዲግሪ ለሥራ ይጠቅማልን?» የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በእነዚሁ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጬ ይኸው ክርክር ሲደረግ ሰምቻለሁ። አንደኛው ተናጋሪ «ትምህርት ብርሃን ነው» ብሎ ተጨበጨበለት፤ ሁለተኛው በዲግሪው ላይ ኮብልስቶን የሚጠርበውን ተመራቂ ጠቅሶ ተሳቀለት። ሁላችንም ደስ ብሎን ወደ መኝታችን ሄድን፤ ነገር ግን በማግሥቱ ምን ማድረግ እንዳለብን ከሁለቱ አንዳቸውም አልነገሩንም። ስለዚህ እኔ ዛሬ ከቤቴ የመጣ አንድ ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስዶ ኀምሳ ከመቶ ሳያመጣ ቀረ። ይህ እንኳ ብዙ አያስደንቅም። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ በጥር 2015 ዓ.ም. የተነገረውን ውጤት ታስታውሳላችሁ፤ ከመቶው ያለፉት 3.3 ብቻ ነበሩ። ወንድሜ በወደቀ በሳምንቱ አንድ የግል ኮሌጅ በማካካሻ ትምህርት ተቀብሎ ወደ ሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ሊያስገባው እንደሚችል ተነገረው። ክፍያው ግን ከቤታችን የእህል ገንዘብ በላይ ነው። አባቴ ስልክ ደውሎ «አንተ ተምረሃል፤ ንገረኝ። በሬውን ልሽጥ ወይስ አልሽጥ?» አለኝ። (በኦሮምኛ ያለኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው ቃሉ ይቀዘቅዛል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።) በሬው ከሁለቱ ጥማድ አንዱ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ለእኔ የመድረክ ጥያቄ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲዠምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። ቀጥሎም የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1949 ዓ.ም. ተከፈቱ። በዚያ ዘመን አንድ ወጣት ዲግሪ ከያዘ ሥራው እርሱን ይጠብቅ ነበር እንጂ እርሱ ሥራ አይጠብቅም ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተዠምሮ ተማሪው አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ሲታዘዝ፣ ወደ ገጠር የወረደው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ይታይ ነበር። የአባቶቻችን እምነት የተቀረጸው በዚያ ጊዜ ነው። አባቴ ዛሬም «ዲግሪ» ሲል በዓይኑ የሚታየው በልጅነቱ ጎባ ላይ ያየው ባለ ክራቫት ጸሓፊ ነው።

ዲግሪው ያን ጊዜ የከበረው ግን በውስጡ ባለው ዕውቀት ብቻ አልነበረም። ጥቂት ስለ ነበረ ነው፤ ደግሞም ገዢው አንድ፣ ይኸውም መንግሥት ስለ ነበረ ነው። በ1983 ዓ.ም. አስመራን ሳንቆጥር ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩን። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ የእኛው መደ ወላቡ ራሱ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሮቤ ባይመጣ ኖሮ ከመካከላችን ስንቱ እዚህ ይቀመጥ ነበር? ነገር ግን የበዛ ነገር ዋጋው እንደ ቀድሞው አይሆንም። ስንዴም በቦና አዝመራ ማግሥት ሮቤ ገበያ ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን።

ከዚህም በላይ ወረቀቱና ዕውቀቱ ተለያይተው የሚሄዱ መሆናቸው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በይፋ ታየ። የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ካሉት ተፈታኞች 40.65 ከመቶው ብቻ አለፉ፤ ከግል ተቋማት የመጡት ለብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ ከመቶ ሃያ እንኳ አልሞሉም። ለወንድሜ በሬ የሚሸጠው ለዚህ ዕጣ ነውን? መምህራኖቻችን ይቈጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ፈተናውን አልጠላሁትም። አራት ዓመት ተምረን ምን እንደ ያዝን መጠየቃችን ነውር የለውም።

ስለ ደመወዝም እንናገር፤ እኛ ተማሪዎች ስለ ደመወዝ ስንናገር እናፍራለንና። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት የደመወዝ እስኬል ሲሻሻል የባለ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ ግብርና ጡረታ ይቀነሳል፤ የወጪ መጋራት ውል የፈረመም ድርሻውን ይከፍላል፤ ያን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪ እንደማይቀበል ታውቃላችሁ። የቤት ኪራይ ሮቤ ላይ ስንት እንደ ገባ ለናንተ አልነግርም።

በአንጻሩ የአጎቴን ልጅ ተመልከቱ። እርሱ ከ10ኛ ክፍል ቀርቶ የኮምባይነር ረዳት ሆነ። ኮምባይነር ወደ ሲናናና ወደ ጋሠራ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ አንዴ ለገና አንዴ ለቦና። (ከሌላ አገር የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ ገና ስል የልደትን በዓል ማለቴ አይደለም፤ ባሌ የበልጉን አዝመራ ገና፣ የመኸሩን ቦና ይለዋል።) መዠመሪያ ከረጢት ይይዝ ነበር፤ ቀጥሎ ቺንጋ መቀየርና ወንፊት ማስተካከል ተማረ፤ አሁን ኦፕሬተር ነው። የሚከፈለው በኩንታል ስለ ሆነ በአዝመራ ወራት የሚያገኘው የእኔን የወራት ደመወዝ ያስንቃል። እኔ ይህን ስናገር አልቀናሁም ብል ሐሰት ይሆናል።

ነገር ግን የአጎቴን ልጅ ታሪክ እዚህ ላይ አቁሞ መሄድ ያው የኮብልስቶኑ ቀልድ ነው። ማሽኑ የእርሱ አይደለም፤ አዝመራው ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ደግሞ አዲሶቹ ማሽኖች በኤሌክትሪክ ዕቃ የተሞሉ ናቸው፤ መብራቱ ቀይ ሆኖ ሲበራ መጽሐፉን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንዴው ማሳ ላይ ዝናብ ይመታዋል። ባለፈው ዓመት «አንተ ብትሆን ታነበዋለህ» ብሎ መጽሐፉን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። እንግሊዝኛውን አነበብሁለት፤ ስለ ሽቦው ግን እኔም አላወቅሁም። ሁለታችን ግማሽ ግማሽ ሰው ነበርን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እርሱም ዋግ ነው።

በ2003 ዓ.ም. አዝመራ ቢጫ ዋግ መጥቶ ቁብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ፈጀው። ቁብሳ ገበሬው የሚወደው ዝርያ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ቢጫ ዋግን የሚችለውን ዲጋሉን ተክተው ዘሩ፤ ጥቂት ዓመትም በደኅና አለፈ። በ2006 ዓ.ም. ግን በአርሲና በባሌ ሌላ ዋግ፣ የግንድ ዋግ ተነሣ፤ ዲጋሉም ወደቀ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ማሳው መካከል ገብቶ ሲወጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የሸክላ መልክ ባለው ብናኝ ተቀብቶ ነበር። ምንም አልተናገረም። በዚያ ዓመት ከኮምባይነር ባለቤቶች ጋር የነበረውን ቀጠሮ ሰረዘ፤ የሚታጨድ አልነበረምና።

አባቴ ስለ ስንዴ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም። አፈሩን በእጁ ዳስሶ መቼ እንደሚዘራ ይናገራል። ነገር ግን ያ ብናኝ ከቀድሞው የተለየ አዲስ ዘር እንደ ሆነ፣ ዲጋሉም የወደቀው በድካም ሳይሆን ለዚያ ዘር መከላከያ ስለሌለው እንደ ሆነ በዓይን አይታይም። ይህን የሚለየው ናሙናውን በቤተ ሙከራ በልዩ ልዩ የስንዴ ችግኞች ላይ ረጭቶ የትኛው እንደሚታመም የሚያነብ ሰው ነው። ከዚያም ሌላ ዝርያ ማዳቀል፣ ትውልድ በትውልድ መምረጥ፣ በየቀበሌው መሞከር አለ፤ ከመዳቀሉ አንሥቶ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ዐሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። እዚሁ አጠገባችን በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል የሚደክመው በዚህ ነው። እዚያ የሚሠሩት ባለ ዲግሪ፣ ባለ ሁለት ዲግሪ ናቸው። ደመወዛቸው ከኦፕሬተሩ ያንስ ይሆናል፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩ ኦፕሬተሩ የሚያጭደው አይኖርም።

እንግዲህ «ዲግሪ ያዋጣል ወይ?» ስንል ለማን እንደ ሆነ አብረን መጠየቅ አለብን። ለአገር የሚያዋጣ ዲግሪ ለባለቤቱ የማያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ይህም የተማሪው ጥፋት አይደለም፤ የከፋዩ ጥፋት ነው። በዚህ ላይ ኅብረታችን አንድ ቀን ሌላ ምሽት ቢያዘጋጅ መልካም ነው።

ስለ ሃረና ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ከሪራና ከደሎ መና የመጣችሁ አላችሁና። ከጎባ ተነሥታችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ሳነቴን አቋርጣችሁ ስትወርዱ ደኑ ውስጥ ቡናው ሳይተከል በቅሎ ይገኛል። ብዙው ቀይና አረንጓዴው ተደባልቆ ይለቀማል፤ መሬት ላይ ይሰጣል፤ ጀንፈሉም አፈር እየሸተተ በርካሽ ይሸጣል። ቀይ ቀዩን ለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቆ እርጥበቱን 12 ከመቶ ገደማ ላይ ማቆም ግን ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሳምንታት ሥልጠና ይበቃዋል። ዲግሪ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ከገዢ ጋር መጻጻፍ፣ ውል ማንበብ፣ የማኅበሩን መዝገብ ሰው በማይሰርቀው መልክ መያዝ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባም ከዚያ በስተኋላ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ዕፀዋቱ ብዙ ዓመት ያጠኑ ሰዎች ነበሩ። ዲንሾ ላይ እንግዳውን የሚመራው ወጣት ግን በአብዛኛው የሚኖረው በቋንቋውና በዓይኑ ነው።

እኅቶቼ እስከ አሁን ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ፤ የናንተ ሒሳብ ከዚህ ሁሉ የተለየ መሆኑን ግን አልዘነጋሁም። ወንድሜ ቢወድቅ ኮምባይነር አለው፤ እኅቴ ብትወድቅ ማን ኮምባይነር ላይ ያወጣታል? ለእርሷ የሚጠብቃት ሽማግሌ ነው። ለአንዲት ከገጠር ለመጣች ልጅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ደመወዝ ባያመጣላት እንኳ አራት ዓመት የራሷ ዕድሜ ይሆናታል። የነርስነት ወይም የመምህርነት ዲግሪ ይዛ ከወጣች ደግሞ ያለዚያ ወረቀት በሕግ የማይከፈት በር ይከፈትላታል። ስለዚህ ስለ ወንዶች የምናገረውን ለእኅቶቻችሁ እንዳትተረጕሙት።

ስለ ራሴ በአጭሩ። በዕፀዋት ሳይንስ ተመርቄ አሥራ አራት ወር ያህል በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ቆምሁ። ጊዜያዊው ዲግሪ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከፍራሼ ሥር ነበር። አንድ ቀን ነጋዴው ለዘር የሚሆን ስንዴ ሊገዛ ማሳ ሲያይ ተከተልሁት፤ ባዕድ ዝርያ ተደባልቆ ስላየሁ «ይህ ለዘር አይሆንም» አልሁት። እየነቀልሁ ዛላውን አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዘር ብዜት ሥራ የገባሁት። ዲግሪዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ያን ዛላ መለየት የተማርሁት እዚሁ ግቢ በሠርቶ ማሳያው ማሳ ላይ፣ ያውም በዝናብ ቀን እያጕረመረምሁ ነው።

ለአባቴ የመለስሁለት እንዲህ ነው። በሬውን አትሽጥ። ልጁ ሒሳብ አያያዝ የመረጠው ወዶት ሳይሆን ኮሌጁ ያን ስለ ሰጠው ብቻ ነውና። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ይማር፤ ከአጎቱ ልጅ ጋር በአዝመራ ይውጣ፤ ፈተናውንም እንደገና በግል ይውሰድ። ቢያልፍ መካኒካል ምሕንድስናን ያን ጊዜ እጁ ቅባት እያወቀ ይገባበታል። አባቴ ግን አልተዋጠለትም። «ሰው ምን ይለኛል? አንዱን አስተምሮ ሌላውን ጣለው አይሉኝም?» አለ። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ በቀበሌያችን ከበሬውም ከደመወዙም የሚከብደው እርሱ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርን፤ ካርዴ አለቀ፤ እርሱ መልሶ ደወለ።

ወንድሜ ባለፈው ሰኞ ለጥገናው ትምህርት ተመዝግቧል። አባቴ እስከ ዛሬ አኵርፎኛል፤ በሬው ግን አልተሸጠም።

ጥያቄ ያለው ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።