በድንገት ስለ ሞተ ከብት
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎች አጠር አድርጌ እንድናገር ታዝዣለሁ። የእብድ ውሻን ነገር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ለክትባት መሮጥ ነው፤ ጠበሉም ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። የዛሬው ነገሬ ግን አባ ሰንጋ ነው።

የአባ ሰንጋ ጀርም እንደ ዘር ሆኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። ከብቱ ሣር ሲግጥ ይገባበታል። ጠዋት ደህና የነበረ በሬ ማታ ወድቆ ይገኛል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ከአፍንጫውና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። አባ ጎርባ ነው ብሎ የሚያልፈውም አለ፤ አባ ጎርባ ግን ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ከጮቄ ግርጌ እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላለው ገበሬ በሬ ማለት ጉልበቱ ነው። ትንፋሹ ሳይወጣ በስመ አብ ብሎ ቢላዋ ያሳርፍበታል፤ ጎረቤትም እንዳይከስር ብሎ ቅርጫ ይገባለታል። የክፋት ሥራ እኮ አይደለም፣ የደግነት ነው፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ሬሳው ሳይከፈት ቢቀር አብዛኛው ጀርም አብሮ በስብሶ ይጠፋ ነበር፤ ሲታረድ ግን አየር አግኝቶ ወደዚያ የማይሞት ዘር ይለወጣል። ያረደውና የገፈፈው ሰው እጁ ላይ መኻሉ የጠቆረ፣ እምብዛም የማያም ቁስል ይወጣበታል። በበላው ላይ ደግሞ ይብሳል፤ መቀቀሉም አያስተማምንም፣ ጥሬውማ ምን ይባላል! ቶሎ ሐኪም ቤት የሄደ በፔኒሲሊንና በመሰሎቹ ይድናል።

ለከብቱ ክትባት አለው። ፈረንሳዊው ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1881 በበጎች ላይ በአደባባይ አሳይቶታል፤ በአገራችንም ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። በየዓመቱ ማስከተብ ነው።

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ። በአንዳንድ ገጠር የከብት እድር አለ፤ የአባል ከብት ሲሞት ሥጋውን ተካፍለው ገንዘብ ያዋጡለታል። በድንገት ለሞተ ከብት ግን ሥጋው ይቅርና ገንዘቡ ብቻ ይሰጥ እላለሁ። ኪሣራው እንደሚካካስለት ያወቀ ሰው ቢላዋ አያነሣም፤ ለእንስሳት ሐኪሙ ይነግራል፤ ሬሳው ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ሁለት ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይቀበራል። መቆፈሩን እንደሆነ እንችልበታለን። ከየአባሉ ስንት ይዋጣ የሚለውን ገንዘብ ያዣችን ሂሳቡን አይተው ለሚመጣው ወር ስብሰባ እንዲያቀርቡልን እጠይቃለሁ።