ከስሜ ጎን ምን ጻፍሽ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሩጫ ቡድናችን አባላት በተመሰገኑበት ዕለት በማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ የተደረገ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛ ስትነሳ ስለ ውዝፍ ልታወራ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ዛሬ የተጠራሁት የሩጫ ቡድናችንን የዓመቱን ውጤት እንዳነብ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናገር። ቡድኑ ሲቋቋም ከተቃወሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ለውሃ መያዣ፣ ለፋሻና ለፕላስተር ከማኅበራዊ መዋጮው ትንሽ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ «በጦርነቱ ፍየሏንም ዶሮዋንም ያጣች ሴት ባለችበት ማኅበር ሩጫ ምን ይሠራል?» ብያለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል። ደግሞም ሩጫ የደገኛ ነው ብዬ አምን ነበር። የእነ ደራርቱ አገር በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቆቦ ግን 1,500 እንኳ አይሞላም። በዚህ ቆላ፣ በዚህ ሙቀት ማን ይሮጣል?

እህቶቼ መልስ ነበራቸው፦ ፀሐይ ከዞብል ተራራ ብቅ ሳትል መጨረስ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እየተጠራሩ ይወጣሉ። በረመዳን ሙስሊም እህቶቻችን እንዳይቀሩ ሩጫው ወደ ቀስ ያለ እርምጃ ተቀየረ። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የመረጡት፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚያዘጋጀው የሴቶች ብቻ ሩጫ 5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው። መንገዱን የለካልን የአንዷ አባላችን ልጅ ነው፤ በባጃጁ ቆጣሪ። ሰዓት የሚይዘው ስልክ ነው። ኮንጎ ጫማ አድርጋ የምትሮጥም ነበረች። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ እኔን ጎትተው አወጡኝ።

እኔም እንደ ለመድኩት ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ስም፣ ሰዓት፣ ደረጃ። መንገዱን ላልጨረሰች ሴት «አልጨረሰችም» ብዬ እጽፋለሁ። በቃ።

ከመካከላችን ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚያ ሆነው እየሳቁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡና፣ «እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ፣ ከስሜ ጎን ምን ጻፍሽ?» አሉኝ።

«‹አልጨረሱም› ነው የሚለው እትዬ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው፣ «እውነትሽን ነው፣ አልጨረስኩም። ግን ዛሬ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከድልድዩ አላለፍኩም ነበር። እሱስ የት ተጻፈ?» አሉ።

የትም አልተጻፈም። ለአራት ሳምንት በተከታታይ «አልጨረሱም» ብዬ የጻፍኩላቸው እናት በአራቱም ሳምንት እየበረቱ ነበር፤ የእኔ መዝገብ ግን ያንን አያውቅም። በሙያዬ መዝገብ እውነትን ይይዛል ብዬ ነው የተማርኩት። የጻፍኩት ሐሰት አልነበረም፤ ግን ግማሽ እውነት ነበር። ያን ዕለት ማታ ሠንጠረዡን እንደገና አሰመርኩና «የደረሰችበት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ።

ይህ ነገር ትንሽ ከመሰላችሁ ደራርቱ ቱሉን አስቡ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ሜየርን ተከትላ ሮጣ፣ በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች፤ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከዚያም ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከአራት ዓመት በኋላ በአትላንታ ግን በዚሁ ርቀት አራተኛ ወጣች። በሜዳሊያ መዝገብ አራተኛ ቦታ የለውም። ያን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው «ደራርቱ አበቃላት» ይል ነበር። እሷ ግን ወልዳ፣ ተመልሳ፣ መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። በአትላንታና በሲድኒ መካከል የሠራችውን ሥራ የትኛውም የሜዳሊያ ሠንጠረዥ አልመዘገበውም።

አሁን የእኛን ውጤት ላንብብ። መጀመሪያ በ41 ደቂቃ የጨረሰችው ታናሻችን ዘንድሮ በ33 ደቂቃ ገብታለች። አራስ ቤት የነበረችው እህታችን ልጇን ለእናቷ እየተወች ተመልሳ ሙሉውን መንገድ ጨርሳለች። «ሰው ያየኛል» ብላ ስድስት ወር ሙሉ ከኋላ ቆማ ውሃ ስታቀብል የነበረችው፣ ዛሬ አዲስ የሚመጡትን የምታሟሙቀው እሷ ናት። እትዬም ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ በየሳምንቱ እየጨመሩ፣ በየካቲት 5 ኪሎ ሜትሩን በ52 ደቂቃ ጨረሱ። የገቡት ከሁሉም ኋላ ነው። ቀድመው የገቡት ሁሉ ቆመው ጠበቋቸው፤ እልልታው ሰፈሩን ቀሰቀሰ።

እናቶቼ፣ ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። የቁጠባ መዝገባችንም ያው የእኔ የድሮ ሠንጠረዥ ነው። የሳምንቱን መዋጮ ግማሹን ብቻ ይዛ የመጣች ሴት «አልከፈለችም» ተብላ ትጻፋለች፤ ያመጣችውንም አንቀበላትም። እሷም አፍራ በሚቀጥለው ሳምንት ትቀራለች። ከጦርነቱ ወዲህ በዚህ መንገድ የራቁንን እህቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ስለዚህ ያመጣችው ገንዘብ እንዲገባላትና እንዲጻፍላት ሐሳብ አቀርባለሁ። የቀረው ዕዳ አይሰረዝም፤ እሱም በቦታው ይጻፋል። ሂሳብ ሂሳብ ነው። ለደጋፊዎቻችንም ሪፖርታችን ከዚህ በኋላ የበለጠ እውነት ይሆናል እንጂ አይላላም። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።

የዛሬው ሽልማት ዋንጫ አይደለም። እያንዳንዷ ሯጭ ዓመቱን ሙሉ የደረሰችበት የተጻፈበትን የራሷን ገጽ ቅጂ ትወስዳለች። መጀመሪያ የምጠራው እትዬን ነው። ይምጡ እትዬ። ከስምዎ ጎን «ድልድዩ» ይላል፣ «ወፍጮ ቤቱ» ይላል፣ መጨረሻ ላይ «ጨረሱ» ይላል።