አረጋዊ ወላጅን በማስታመም ጊዜ የአልጋ ልብስን ከሽንት ሽታ ስለ ማጽዳት
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ሲሰማ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድና ስለ መስኖ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ አንሶላና ስለ ጋቢ መናገር ከሙያው ክብር ዝቅ ማለት መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ምሕንድስና የተፈጥሮን ሕግ ዐውቆ የሰውን ድካም ማቃለል ከሆነ፣ አንዲት ልጅ ሌሊት ተነሥታ የእናቷን መኝታ የምትለውጥበት፣ ጠዋትም ውኃ ቀድታ የምታጥብበት ሥራ ከሙያው ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሥራው የውኃ፣ የጊዜና የኬሚካል ለውጥ ሥራ ነው፤ ሦስቱም ይለካሉ።

ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ በደምቢያ ሜዳ ላይ የምትገኘው ኮላ ድባ በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስም አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በተከታዩ ዓመት፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የኮላ ድባ ጤና ጣቢያም ሠልጣኞቹ ወደ ሕዝቡ ወጥተው ከሚለማመዱባቸው ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። የትምህርቱ መሠረት በሽታን በሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በውኃው፣ በጓሮውና በቤቱ መከላከል ይቻላል የሚል ነበር።

በዚያ ወረርሽኝ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አረጋውያን ናቸው። ከወባ የተረፉት እነዚህ ወላጆች በእርጅና፣ በስትሮክ፣ በስኳር በሽታ፣ በፕሮስቴት ዕጢ ወይም በቆየ የወሊድ ጉዳት ምክንያት ሽንታቸውን መቆጣጠር ሲሳናቸው ሸክሙ የሚያርፈው በቤተ ሰቡ ላይ፣ በተለይም በሴት ልጅ ወይም በምራት ትከሻ ላይ ነው።

የሽታው ጉዳይ ከአፍንጫ ያልፋል። አንድ አረጋዊ ሽታቸው ሰውን እንዳስቸገረ ሲጠረጥሩ አስቀድመው ከቡና ላይ ይቀራሉ፤ ቀጥለው ከጽዋ ማኅበሩ፣ በመጨረሻም ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይርቃሉ። ጠያቂ ሲመጣ ተኝተዋል ይባልላቸዋል። ብዙዎቹ ልጃቸውን ላለማስቸገር ብለው ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ ይህም ራሱ ሌላ ሕመም ያመጣባቸዋል። ስለዚህ ሽታን ማስወገድ ወላጅን ከሰው ጋር አስቀምጦ ማኖር ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የጤነኛ ሰው ሽንት ከሰውነት ሲወጣ ሽታው ቀላል ነው። ከመቶው ዘጠና አምስት እጅ ያህሉ ውኃ ሲሆን ከቀሪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዩሪያ ነው። ዩሪያ ራሱ አይሸትም። ዳሩ ግን በቆዳና በልብስ ላይ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ዩሪየዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ዩሪያውን ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። አፍንጫን የሚወጋውና ዓይንን የሚያስለቅሰው ይህ አሞኒያ ነው። እንግዲህ ሽታው በአብዛኛው ልብሱ እርጥብ ሆኖ በቆየባቸው ሰዓቶች የተፈጠረ ነው። የሚሸቱት ወላጁ አይደሉም፤ የሚሸተው ሳይታጠብ የዘገየው ልብስ ነው። ይህን ማወቅ ለአስታማሚውም ለታማሚውም ትልቅ ዕረፍት ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ 20 ግራም ያህል ዩሪያ አለ ቢባል፣ ሌሊት አንሶላ ላይ የፈሰሰ 300 ሚሊ ሊትር ሽንት 6 ግራም ዩሪያ ይይዛል። ይህ ሁሉ ቢለወጥ 3 ግራም ተኩል ያህል አሞኒያ ይሰጣል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ እጅግ ብዙ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። አሞኒያው እየበዛ ሲሄድ ፈሳሹ አልካላይ ይሆናል፤ በዚህን ጊዜ በሽንቱ ውስጥ የነበሩት የማግኒዚየምና የካልሲየም ፎስፌቶች እንደ ደቃቅ ድንጋይ ሆነው በክሩ መካከል ይቀመጣሉ። በመጠን ጥቂት የሆነው ዩሪክ አሲድም በቀዝቃዛ ውኃ በቀላሉ አይሟሟም። ይህ ዝቃጭ ከነባክቴሪያው በጨርቁ ውስጥ ስለሚቀር፣ ታጥቦ ሲደርቅ ያልሸተተ ጋቢ እርጥበት ወይም ላብ ሲነካው እንደገና ይሸታል። ባለቤቱ ሳሙና አልበቃውም ብሎ ይጨምራል፤ የጐደለው ግን ሳሙና አልነበረም።

ውኃን ከፋፍሎ ስለ መጠቀም

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ደንብ ሳሙና ከመንካቱ በፊት ልብሱን በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ ማለቅለቅ ነው። ዩሪያ በውኃ እጅግ ስለሚሟሟ ገና ሳይለወጥ ከተያዘ ያለ ችግር ይወጣል። የረጠበውን ልብስ በአንድ ጥግ ሰብስቦ ለሳምንቱ እጥበት ማቆየት ግን ባክቴሪያውን እንደ ማርባት ይቈጠራል።

ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት «ለዚህ ሁሉ ውኃ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ውኃውን መጨመር ሳይሆን መከፋፈል ነው። አንድ አንሶላ ከተጨመቀ በኋላ 1 ሊትር ፈሳሽ ይዞ ይቀራል እንዲባል። ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳፋ ውስጥ ተገልብጦ አንሶላው ቢለቀለቅና ቢጨመቅ በልብሱ ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ ከመጀመሪያው 21 እጅ አንዱ ነው። ያው 20 ሊትር ለአራት ተከፍሎ በየጊዜው በ5 ሊትር ቢለቀለቅ፣ በየጊዜውም ጠበቅ ተደርጎ ቢጨመቅ፣ የሚቀረው በመጀመሪያው 6 እጅ አንዱ፣ በሁለተኛው 36 እጅ አንዱ፣ በሦስተኛው 216 እጅ አንዱ፣ በአራተኛው 1,296 እጅ አንዱ ይሆናል። ስሌቱ ቆሻሻው በሙሉ በውኃው ውስጥ ይሟሟል በሚል ግምት የተሠራ ስለሆነ በተግባር ውጤቱ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ያው ነው። በአንድ ጀሪካን ውኃና በሦስት ተጨማሪ መጭመቅ የሚገኝ ትርፍ ይህን ያህል ነው።

በእሑድና በዓመት በዓል ቀን ልብስ በማይታጠብበት ቤት ችግሩ ይጸናል። ለዚህ መፍትሔው ልብሱን ጥቂት አቼቶ በተጨመረበት ቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ክዳን ባለው ባልዲ ማሳደር ነው፤ አሲዱ የባክቴሪያውን ሥራ ያዘገየዋል። የሕመምተኛን ልብስ በበዓል ቀን ማለቅለቅን በተመለከተ ደግሞ ቤተ ሰቡ ከንስሐ አባቱ ጋር ሊመክርበት ይችላል።

አቼቶ፣ ሳሙናና ፀሐይ

ሁለተኛው ደረጃ አሲድ ነው። አሞኒያ አሲድ ሲያገኝ ወደ አየር የማይነሣ ጨው ይሆናል፤ የፎስፌቱ ዝቃጭም ይሟሟል። አምስት ከመቶ አሲድ ያለው አቼቶ ሩብ ሊትር ያህሉ ከላይ የተጠቀሰውን 3 ግራም ተኩል አሞኒያ ሊያከሽፍ ይችላል። ይሁን እንጂ በየቀኑ ሩብ ሊትር አቼቶ መግዛት ለብዙ ቤት ከባድ ነው። አስቀድሞ በውኃ የተለቀለቀ ልብስ ግን በ5 ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ቢነከር ይበቃዋል። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ በተመሳሳይ መጠን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቀጥሎ ልብሱ አንድ ጊዜ ተለቅልቆ በሳሙና፣ ጨርቁ በሚችለው ሙቅ ውኃ ይታጠባል። በመካከል ማለቅለቅ የሚያስፈልገው አሲድና ሳሙና አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፉ ነው። ሳሙናም ሆነ አመድ አልካላይ ናቸው፤ ያልተለቀለቀ ልብስ ላይ ሲያርፉ በጨርቁ ውስጥ የተያዘውን አሞኒያ ወደ አየር ይለቁታል። ሳሙና ሲነካው ሽታው ለምን እንደሚባባስ ብዙ እናቶች ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በጥንታዊት ሮም ልብስ አጣቢዎች የቆየ ሽንትን እንደ ሳሙና ይገለገሉበት የነበረውም አሞኒያው ስብን ስለሚፈታ ነው።

እዚህ ላይ እንዶድ ሊነሣ ይገባዋል። ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ቤቶች ሳሙና እንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ እንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ተክሉ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ከአቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በመሆንም እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የእንዶድ አረፋ ሳፖኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚገኝ ሲሆን ቅባትንና እድፍን ያነሣል። ይሁን እንጂ ዓሣንም ስለሚገድል እጥበቱ ከወንዝ ራቅ ብሎ ይሁን። የሽንቱን ጨው የሚያወጣው ግን እንዶድ ቢሆንም ሳሙና ቢሆንም አስቀድሞ የተደረገው መለቅለቅ ነው።

ፀሐይ የመጨረሻዋ ሠራተኛ ናት። ብርሃኗ ባክቴሪያን ይገድላል፤ ድርቀቱም የቀረውን እንዳይራባ ያግደዋል። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ልብሱን በነፋስ ላይ ዘርግቶ በካውያ መጨረስ ይረዳል።

ከበረኪና ስለ መጠንቀቅ

ብዙ ሰው ሽታ ሲጸናበት በረኪና ያነሣል። በሽንት በራሰ ልብስ ላይ በረኪና ቢፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ የሚወጣው መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ አረጋዊት እናት በተኙበት አጠገብ ይህን ማድረግ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። ስለዚህ በረኪና ያስፈልጋል ከተባለ በሚገባ ተለቅልቆ በታጠበ ነጭ የጥጥ ልብስ ላይ ብቻ፣ ለብቻው፣ በውኃ ቀጥኖ፣ በደጅ ይደረግ።

አልጋውን ስለ ማዘጋጀት

አነስተኛ እጥበት የሚጀምረው ከአልጋው ነው። አጎዛ ወይም ቁርበት ሽንት ከጠጣ በኋላ በወጉ ታጥቦ ስለማይጠራ ከዚህ አልጋ ላይ ቢነሣ ይሻላል። ፍራሹ ወይም መደቡ በላስቲክ ይሸፈን፤ በላስቲኩ ላይ የታጠፈ አቡጀዴ ወይም ያረጀ ነጠላ ከወገብ በታች ይነጠፍ፤ ከዚያም አንሶላው። ጋቢ ድርብርብ ስለሆነ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ሲረጥብ ይከብዳል፤ ለመድረቅም ይዘገያል። ስለዚህ ይለበስ እንጂ አይነጠፍ። ሌሊት ሲረጥብ የሚለወጠው አንድ ቁራጭ አቡጀዴ ከሆነ የአስታማሚዋ ሥራ በብዙ ይቀላል። ላስቲኩ ራሱ በየጊዜው መወልወል አለበት፤ የታማሚው ገላም ላስቲኩን እንዳይነካ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቆዳ ይቆስላልና።

ከልብሱ በፊት ስለ ሰውየው

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሽንትን አለመቆጣጠር የእርጅና ዕጣ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም። በድንገት የጀመረ እንደሆነ፣ ሽታው በድንገት ከተለወጠ ወይም ትኩሳትና መደናገር ከታከለበት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ የሽንት ቧንቧ ልክፈት ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶችም ከምጥ የተረፈ ፊስቱላ ይዘው የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ይህ ጉዳት በቀዶ ጥገና እንደሚድን ለዓለም አሳይቷል፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ውኃ መከልከል ደግሞ መፍትሔ አይደለም። ሽንት ሲወፍር ሽታውም ይጸናል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ልክፈትም ይበረታል። ወላጅ እንደ ወትሮው ይጠጡ፤ የመኝታ ሰዓት ሲቃረብ ብቻ መጠኑ ይቀነስ።

የሙያው ድርሻ

መሐንዲሱ በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር ብቻ አይደለም። የውኃ ቦኖ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ቆሞ የሚታጠብበት፣ ወገብን የማያጐብጥ የእጥበት ገበታ ቢታከልበት ወጪው ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። የደምቢያ ጥቁር ዋልካ አፈር ሲረጥብ ውኃ ስለማያሰርግ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የሚቆፈር ጠባብ የፍሳሽ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፤ ፍሳሹን በሰፊ የሣር መደብ ላይ መበተን ይመረጣል። ሳሙና ያልገባበት የመጀመሪያው ልቅላቂ ናይትሮጅን ስላለው ለጓሮ ዛፍ ይጠቅማል።

በዚህ ንግግር የተዘረዘረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይዘገዩ ማለቅለቅ፣ ውኃን መከፋፈል፣ ከሳሙና በፊት አሲድን ማስቀደም፣ ከበረኪና መጠንቀቅ ማንኛውም ቤት የሚችለው ነው። ከአባላቱ እያንዳንዱ ይህን በሙያው ቋንቋ ለራሱ ቤትና ለጎረቤቱ ቢያስረዳ፣ ስንት እናትና ስንት አባት ሰው ወደ ተሰበሰበበት ቡና ይመለሱ ነበር።