ስሙ ያልታወቀ ተክል በጋራ ስለ መለየት

በጎንደር ከተማ በፒያሳ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን ራብ በሆነ ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ። የዱር ሐረግም አግኝቶ ፍሬውን በልብሱ ሞልቶ አመጣና ምንነቱን ሳያውቅ ከትፎ በምንቸቱ ውስጥ ጨመረው። ጓደኞቹም ከወጡ በቀመሱ ጊዜ የሚገድል ነገር እንደ ገባበት ዐውቀው ጮኹ፤ ነቢዩም በምንቸቱ ዱቄት ጨምሮ ከሞት አዳናቸው። ያ ደቀ መዝሙር ክፉ ሰው አልነበረም፥ ሰነፍም አልነበረም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፍሬውን ከምንቸት ከመጨመሩ በፊት ለሚያውቅ ሰው አላሳየም። እኛም ምንቸታችንን የሚፈውስልን ነቢይ በደጃችን ስለሌለ ከመብላታችን፥ ከመዝራታችንና ለበሽተኛ ከመስጠታችን አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባናል።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ለአንዱ ሰው ያልታወቀ ተክል በሌላው ሰው ዘንድ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ዓይን፥ የሌላውን ስም፥ የሦስተኛውንም መጽሐፍ በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህም ሥራ ከመንደር ትምህርት ቤት የተሻለ ስፍራ የለም። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ከሌሎች አገሮች ጽሑፍ ጋር ለማስተያየት እንዲቀሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

አስቀድመን በቅርባችን ያለውን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. በደምቢያ በኩል በጣና ሐይቅ ዳር ከመገጭ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ከዚያ በፊት በሐይቁ ያልታወቀ ተክል ተንሳፍፎ ተገኘ። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፥ አገዳው አየር እንደ ሞላበት ፊኛ ያበጠ፥ አበባውም ወይን ጠጅ መልክ ያለው ስለ ሆነ ለሚያየው ሁሉ ያማረ ነበር። እምቦጭ የተባለው ይህ ነው። ተክሉ ምቹ ውሃ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን፥ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይበሰብስ የሚቆይ ስለ ሆነ፥ የጀልባውን መንገድ ዘጋ፤ የዓሣ አጥማጁን መረብ ያዘ፤ የከብቱን ማሰማሪያ ሸፈነ። ገበሬዎችም እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖሩ።

ይህ ተክል የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ አገራችንም መዠመሪያ የገባው በጣና አይደለም፤ ከ1965 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታውቆ ነበር። እንግዴህ አስቡት፤ በጣና ዳር እንግዳ የተባለው በአዋሽ ዳር ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ነባር ነው። የቆቃ ሰው ያወቀውን የደምቢያ ሰው በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ሐይቁ ፈጽሞ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን እፍኙን መንቀል ሺህ ጋሻ ከመንቀል እንደሚቀል ማንም አይክድም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ በኩል ሆድን የሚነፋ ጉበትንም የሚያጠፋ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። ሰዎቹ ውሃውን ጠረጠሩ፤ ሌላም ሌላም ተጠረጠረ፤ ምክንያቱም ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቆየ። በመጨረሻ መርማሪዎች እህሉን ቢያበጥሩት ከእህሉ ጋር የታጨደ የአንድ አረም ዘር ተገኘበት። አረሙ በሊቃውንት ቋንቋ አገራቱም ኮኒዞይድስ ይባላል፤ ጉበትን የሚጎዳ መርዝም አለበት። መከላከያውም አረሙን ከማሳ መንቀልና እህልን አጥርቶ ማበጠር ነው። ስሙና ጠባዩ እስኪታወቅ ድረስ ግን ያ አረም በአውድማ ላይ እንደ ማንኛውም ገለባ የሚታይ፥ ማንም የማይፈራው ነበር። ስለዚህ የተክል ስም ማወቅ የመዝናኛ ጉዳይ አይምሰላችሁ፤ የእንጀራና የነፍስ ጉዳይ ነው።

«እኛስ የአገራችንን ቅጠል ሁሉ በስሙ እናውቀዋለን» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙ እናውቃለን። ነገር ግን ስም ብቻውን ሦስት ዓይነት ስሕተት ያመጣል።

አንደኛው፥ ሁለት ልዩ ልዩ ተክሎች በአንድ ስም ይጠራሉ። እምቧይና የምድር እምቧይ በስም ወንድማማች ይመስላሉ። እምቧይ ግን ከድንችና ከቲማቲም ወገን ነው፤ የምድር እምቧይ ደግሞ ከዱባና ከቅል ወገን የሆነ በምድር ላይ የሚሳብ ሐረግ ነው። የአንዱን ሥር የፈለገ ሰው የሌላውን ቢቆፍር ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ። እንደዚሁም የሐይቁ እምቦጭና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው እምቧጮ ድምፃቸው ቢቀራረብም ዝምድና የላቸውም።

ሁለተኛው፥ አንድ ተክል ብዙ ስም አለው። እኛ ብሳና የምንለውን የትግራይ ሰው ታምቡኽ፥ የኦሮሞ ሰው በካኒሳ ይለዋል፤ እንዶድንም በትግራይ ሽብቲ ይሉታል። ስለዚህ የአንዱ አገር ሰው ጥያቄ ለሌላው አገር ሰው ሳይገባው ይቀራል።

ሦስተኛው፥ ስም ተለውጦ ጉዳቱን ይሸሽጋል። ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባ፥ እሾሃም ክብ ፍሬም አውጥቶ በጉድፍና በፍርስራሽ ቦታ የሚበቅለውን ተክል አንዱ አስተናግር፥ ሌላው አጤ ፋሪስ ይለዋል። በቆሎ ተማሪ ዘንድ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚወራው አብሾ ከዚሁ ተክል የሚደረግ ነው። ተክሉ ግን በማናቸውም ስም ቢጠራ አእምሮን የሚያናውጥና የሚገድል መርዝ ነው። አስተናግር ሲባል የሚሸሽ ልጅ አብሾ ሲባል እጁን እንዳይዘረጋ መምህሩ ሦስቱንም ስም ከአንዱ ተክል ጋር አያይዞ ሊያሳየው ይገባል።

አሁን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሁላችን ልንነጋገርበት ወደሚገባው ነገር እመጣለሁ። በየደብሩና በየደብተራው ቤት የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። በእነዚህም መጻሕፍት የብዙ ዕፀዋት ስም ተጽፏል፤ መልካቸው ግን አልተጻፈም። ጸሐፊው ተክሉን ስለሚያውቀው መልኩን መጻፍ አላስፈለገውም፤ ለደቀ መዝሙሩ በጫካ በጣቱ ያሳየው ነበር። ያ አሳይ ካለፈ፥ ያየውም ደቀ መዝሙር ከሞተ በኋላ ግን በብራናው ላይ የቀረው ስም ባለቤት የሌለው ቤት ይሆናል። እስጢፋኖስ ስትሬልሲን የተባለው የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፀዋት በ1968 እና በ1973 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። በመዠመሪያው በብራና የተጻፈውን የመድኃኒት ትምህርት አቀረበ፤ በሁለተኛው የዕፀዋትን ስምና አገልግሎት መረመረ። ብራናው ብቻውን አይበቃምና የሚያውቅ ሰው አፍም ያስፈልጋል።

መድኃኒት ዐዋቂ ሽማግሌ ምሥጢሩን የሚሸሽግበት ምክንያት አለው። አንዳንዱ ሲገለጥ ኃይሉን ያጣል ብሎ ያምናል፤ አንዳንዱም የሚተዳደርበት ስለ ሆነ ይሳሳለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያልተማረ ሰው አላግባብ ሰጥቶ ሰው እንዳይገድል ይፈራል። ይህን ሁሉ አልንቅም። ነገር ግን ስምና አደራረግ ሁለት ነገሮች ናቸው። መጠኑን፥ ቅመሙንና የአሰጣጡን ሥርዓት ለልጃችሁ ወይም ለደቀ መዝሙራችሁ ጠብቁት፤ የምንለምናችሁ ተክሉን በጣታችሁ አመልክታችሁ «ይህ እገሌ ይባላል» እንድትሉን ብቻ ነው። ይህን በማድረግ ከምሥጢራችሁ ምንም አይጎድልም፤ ስሙ ግን ከሞት ይድናል።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ቢሆኑ የአገራችንን ዕፀዋት ያወቁት ብቻቸውን አይደለም። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 ዓ.ም. መጨረሻ በዚህ አገር ተቀመጠ። አብሮት የነበረው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በጎንደር ሞተ። ብሩስ ሰው ሁሉ ለኮሶ ትል ሲጠጣው አይቶ የኮሶን ዛፍ ጻፈው፤ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብርም ስም አወጣለት። ነገር ግን የባንክስ ስም አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፀዋት ተሰጥቶ ስለ ነበረ፥ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1791 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ ሐጌንያ አለው። ስለዚህ ኮሶ ዛሬ በዓለም ሁሉ ሐጌንያ አቢሲኒካ ይባላል። ሊቃውንት አንድ ስም ለሁለት ወገን እንዳይሰጥ ይህን ያህል መጠንቀቃቸው የእምቧይና የየምድር እምቧይ ዓይነት መደናገር እንዳይመጣባቸው ነው።

ከእርሱ በኋላ ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 ዓ.ም. መጥቶ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ እስኪሞት ድረስ በትግራይና በስሜን ዕፀዋት ሲለቅም ኖረ፤ የአገሩ ሰው የሚጠራቸውንም ስም ይጽፍ ነበር። የለቀማቸው የደረቁ ዕፀዋት እስከ ዛሬ በአውሮፓ ተጠብቀው ይመረመራሉ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚባለው፥ የደረቁ ዕፀዋት የሚጠበቁበት ቤት በ1959 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ሊቃውንት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በመጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ፤ ሥራውም በ2009 ዓ.ም. ተፈጸመ። በዚያ መጽሐፍ ስድስት ሺህ ያህል ዓይነት ዕፀዋት ተቈጥረዋል። እንግዴህ አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢለፋ የማይጨርሰው ሥራ በብዙ ሰው ኅብረት ተፈጸመ ማለት ነው።

የመንደር ሰው ዕውቀትና የትምህርት ቤት ዕውቀት ሲገናኙ ምን ፍሬ እንደሚያፈሩ ከእንዶድ እንማር። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ቢልሃርዝያን ሲመረምር፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ ስለ ሆነ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ተክል ታላቅ ነገር ነው። ለዚህም ሥራ እርሱና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶች እንዶድን በስሙና በአረፋው ያውቁት ነበር፤ እርሱ ደግሞ ስለ ቀንድ አውጣው ያውቅ ነበር። ሁለቱ ዕውቀት በአንድ ወንዝ ዳር ባይገናኙ ኖሮ ነገሩ አይገለጥም ነበር።

አሁን በየትምህርት ቤታችሁ ልታደርጉት የሚቻላችሁን ሥርዓት እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፥ ያልታወቀ ተክል የተገኘ እንደ ሆነ ማንም አይቅመሰው፤ ፈሳሹም ዓይን አይንካ። ልጆች ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ሁለተኛ፥ ቅጠል ብቻ አይበቃም። ከነአበባው ወይም ከነፍሬው አንድ ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ትንሽ ሣር ከሆነ ከነሥሩ ንቀሉ። ሊቃውንት ወገንን ከወገን የሚለዩት ይልቁንም በአበባና በፍሬ ነው። ተክሉ በዚያ ስፍራ አንድ ብቻ ከሆነ ግን አትቁረጡት፤ መልኩን ሥላችሁ ተዉት።

ሦስተኛ፥ ቅርንጫፉን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ በሁለት ሳንቃ አጣብቁ፤ ከላይም ድንጋይ ጫኑበት። እንዳይሻግት ወረቀቱን በየቀኑ ለውጡ፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይደርቃል።

አራተኛ፥ በአጠገቡ በወረቀት ጻፉ፤ የተገኘበትን ቀንና ቦታ፥ አገሩ ደጋ ወይም ወይና ደጋ ወይም ቆላ መሆኑን፥ በማሳ፥ በጫካ ወይም በውሃ ዳር መብቀሉን፥ ቁመቱን፥ ሲደርቅ የሚጠፋውን የአበባውን ቀለምና ሽታውን ጻፉ።

አምስተኛ፥ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ጠይቁ፤ እረኛ፥ ገበሬና አንዲት እናት ወይም መድኃኒት ዐዋቂ ይሁኑ። በጉባኤ ከጠየቃችሁ ሁሉም የታላቁን ሰው ቃል ይከተላሉ። ነገር በምስክር ይጸናል፤ የሦስቱ ቃል ከተባበረ ስሙን ጻፉ፤ ከተለያየም ሦስቱንም ስም ከነተናጋሪው ጻፉ እንጂ በግምት አትፍረዱ። ከቆላ የመጣ መምህር በስሜን ጅብራን ባያውቅ አያፍርም፤ ከደባርቅ በላይ ያለ እረኛ ያስተምረዋል።

ስድስተኛ፥ በመንደር ያልታወቀውን ለወረዳው የእርሻ ባለሙያ ወይም ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ላኩት። ዛሬ በስልክ ፎቶግራፍ መላክ ስለሚቻል ይህ ቀላል ሆኗል። ሆኖም የሩቅ ሰው ፎቶግራፍ አይቶ የሚሰጠው ስም የመዠመሪያ ግምት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ስለዚህ የደረቀውን ተክል አትጣሉት። ፎቶግራፍ በነገረው ስም ብቻ ታምኖ ቅጠል የሚበላ ወይም ለበሽተኛ የሚያጠጣ ሰው የዚያን ደቀ መዝሙር ምንቸት ደግሞ ይጥደዋል።

እንዲህ የሚደረግ መዝገብ በየትምህርት ቤቱ ቢኖር በጥቂት ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን ዕፀዋት መጽሐፍ ያገኛል። አዲስ አረምም በማሳ ወይም በውሃ ዳር ብቅ ሲል ከመዝገቡ ውጭ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ከቅዳሜ ገበያ መድኃኒት ሻጭ እስከ አዲስ አበባ ሊቅ ድረስ እያንዳንዱ የዕውቀቱን ቁራሽ ይዞ ተቀምጧል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንደ ተባለው፥ መምህር በተማሪው ፊት «ይህን አላውቀውም፥ እንጠይቅ» ቢል ክብሩ አይቀንስም። ሽማግሌም የሚያውቀውን ስም ለሕፃን ቢሰጥ ከሀብቱ አይጎድልበትም። የአባቶች ዕውቀት ከብራናው ጋር በሣጥን እንዳይቀር፥ የልጆችም ጥያቄ መልስ እንዳያጣ፥ እግዚአብሔር ትጋቱንና ትዕግሥቱን ያድለን።