ከስም በፊት ምርመራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በተፈቀዱልኝ ጥቂት ደቂቃዎች ልናገር የመረጥሁት ርእስ፣ በሰው ቆዳ ላይ የሚወጣውን እንግዳ እባጭ ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ እንዴት እንደሚለዩት ነው። ርእሱ ለበዓል ቀን የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ለአንድ በሽተኛ የሚሰጠው የበሽታ ስም መድኃኒቱን እንዲያገኝ ወይም እንዲያጣ፣ ከወገኖቹ ጋራ እንዲኖር ወይም እንዲገለል ሊያደርገው ስለሚችል፣ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

በአገራችን ደጋማ ሥፍራዎች ቁንጭር የሚባል የቆዳ በሽታ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ በሽኮኮ ሰውነት ውስጥ ይኖራል፤ ከሽኮኮም ወደ ሰው የምታሸጋግረው የአሸዋ ዝንብ የምትባል እጅግ ትንሽ ደም መጣጭ ናት። በወሎ በኩታበር፣ በጋሞም በኦቾሎ፣ ይህ በሽታ በሊቃውንት ተጠንቷል። ቁንጭር ብዙውን ጊዜ በፊት ላይ አንድ ቁስል ሆኖ ይቆይና ጠባሳ ትቶ ይድናል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ሰውነቱ ተውሳኩን መቋቋም ስለማይችል፣ እባጩ ሳይቆስል በፊት፣ በጆሮ፣ በክንድና በእግር ይሠራጫል። ያን ጊዜ ለሚያየው ሁሉ የሥጋ ደዌ ይመስላል።

ታዲያ ሐኪሙ በምን ይለየዋል? በመጀመሪያ ቆዳውን እየነካ ስሜት መኖሩን ይመረምራል፤ የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ የታመመው ቆዳ ብዙ ጊዜ ይደነዝዛልና። ይህ ምልክት ግን ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ስለዚህ እባጩን በጣቶቹ ቆንጥጦ ደሙን ካራቀ በኋላ፣ ርዝመቱ 5 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱም 2 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ስንጥቅ በምላጭ ያደርጋል። ከውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ፍቆ በመስተዋት ስላይድ ላይ ይቀባና ያደርቀዋል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያሳየን ቀለሙ የገለጠውን ነው። አንዱ ስላይድ ዚል ኒልሰን በሚባለው መንገድ ይቀለማል፤ የሥጋ ደዌ ተሐዋስያን ቀዩን ቀለም አንድ ጊዜ ከያዙ በአሲድ ቢታጠቡም ስለማይለቁት፣ በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ቀይ ስንጥር ሆነው፣ አንዳንዴም እንደ እንጨት እስር ተሰብስበው ይታያሉ። ሁለተኛው ስላይድ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል። በዚህኛው የቁንጭር ተውሳክ፣ ስፋቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን የሆነ፣ እንቁላል መሳይ ነገር ሆኖ ይታያል፤ በውስጡ አንድ ክብ አስኳል፣ በአጠገቡም አንዲት ትንሽ ጭረት አለች። ጠንቃቃ የላቦራቶሪ ሠራተኛ 1,000 ጊዜ አጉልቶ እያየ፣ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ሳያገኝ ተውሳኩን አየሁ አይልም።

እንግዲህ አንዱን ቀለም ብቻ የተጠቀመ ሰው የሚያገኘው መልስ ግማሽ ነው። ደግሞም ቀይ ስንጥር አልታየም ማለት የሥጋ ደዌ የለም ማለት አይደለም፤ ተሐዋስያኑ በጣም ጥቂት የሚሆኑበት ዓይነት አለና። እንዲህ ሲሆን ከቆዳው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ፣ በሰም ውስጥ ተደርጎ፣ በስሱ ተቆርጦና ተቀልሞ ይመረመራል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በብዙ ትዕግሥት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የሥጋ ደዌን ተሐዋስያን ከበሽተኛ እባጭ ውስጥ ሲያገኝ፣ ብዙ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። በ1898 ደግሞ ሩሲያዊው ሐኪም ቦሮቭስኪ በታሽከንት ከተማ የቆዳውን ቁስል ተውሳክ ምንነት ገለጠ። በአዲስ አበባም በ1965 አለርት፣ በ1970 ደግሞ በአጠገቡ በሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ተመሥርተዋል።

ዛሬ የሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህ መድኃኒት ግን ቁንጭርን አያድንም። ቁንጭር የያዘው ሰው የሥጋ ደዌ ነው ቢባል፣ የማይረዳውን መድኃኒት እየዋጠ እባጩ ይበዛበታል፤ በዚህም ላይ ጎረቤት ይሸሸዋል። በእውነቱ ከሁለቱ በሽተኞች ማንም ሊሸሽ አይገባውም።

ውድ ወላጆች፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በልጅ ፊት ላይ የማይጠፋ እባጭ ሲታይ ቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ መደበቅ አይጠቅምም። ጓደኞቼ ሆይ፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሽንኩርት ልጣጭ የምናይበት መሣሪያ፣ ከዚሁ ሰውን ከሐሰት ስም ከሚያድነው መሣሪያ ጋራ አንድ ወገን ነው። ስለዚህ በእርሱ ስንሠራ የምናየውን በትክክል መሳልና ያላየነውን አለመጻፍ እንልመድ። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ በአንድ ጤና ጣቢያ ሲቀመጥ፣ የአንድ ሰው ኑሮ በዚህ ልማድ ላይ ይወድቃልና።