የእንደራሴ ቃልና የእንደራሴ እጅ

ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ስለ ሕዝብ እንደራሴ ነው፤ ይኸውም በመረጠው ሕዝብ መካከል ቆሞ ስለሚናገረው ቃልና በምክር ቤት ውስጥ ለውሳኔ ስለሚያነሣው እጅ ነው። ቃሉና እጁ አንድ ሲሆኑ ሕዝብ ይጠቀማል። የተለያዩ እንደሆነ ግን ልዩነቱን ማን ያውቀዋል? በምንስ ይታወቃል? የዛሬው ነገሬ ይህ ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳልናገር አንድ አገር ልምረጥ። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ሲቀጥል አምባሰልንና ከተማውን ውጫሌን ያገኛል። ይህን አገር የመረጥሁት በከንቱ አይደለም። በሌላው ስም ሆኖ በመንግሥት ፊት መናገር በዚህ አገር ጥንታዊ ነገር ነውና። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእተ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር፤ ማዕረጉም በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ተሰሚነት ነበረው። የአምባሰል ገዥም «ጃንጥራር» ይባል ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የሚጠሩት በዚሁ ማዕረግ ነው። ዳሩ ግን ዓቃቤ ሰዓቱንም ሆነ ጃንጥራሩን ገበሬው አልመረጣቸውም፤ «በስሜ ምን ተናገርክ?» ብሎ ሊጠይቃቸውም መብት አልነበረው።

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ትርጉሙ «እንደ እኔው፣ እንደ ራሴ» ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ይህን ቃል የሚናገረው ንጉሥ ነበር፤ በእርሱ ቦታ ሆኖ የሚያዝዘውን ሰው እንደራሴ ይለዋል። በኋላ ግን ቃሉ ከዙፋኑ ወርዶ የሕዝብ ሆነ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሆኖም የሕግ መምሪያውን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫ የተፈጸመው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። የፖለቲካ ፓርቲ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ተመራጩ በምርጫው አውራጃ ነዋሪና ባለ ንብረት መሆን ነበረበት። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ ለ5 ዓመት ይመረጣል። እንግዲህ «እንደ ራሴ ሁንልኝ» ብሎ የሚልከው ዛሬ ንጉሡ አይደለም፤ የሐይቅ ነጋዴና የአምባሰል ገበሬ ነው።

ስለ ቃልና ስለ መዝገብ ልዩነት ደግሞ እንደ አምባሰል የሚያስተምር አገር አይገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተፈረመውን ውል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። ነገር ያመጣው 17ኛው ነው። በአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል፤ በኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ነገሩ እንደ ግዴታ ተጻፈ። የኢጣልያ መንግሥትም በዚህ ተመርኩዞ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ሲል ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተፈረደ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ነገራችን የሚሆነን ትምህርት የሚከተለው ነው። አንድ ጉዳይ በሁለት መዝገብ ሲጻፍና ባለ ጉዳዩ አንደኛውን ብቻ እያየ ሲያምን፣ የሚያስረው ግን ያላየው ይሆናል። የሕዝብ እንደራሴም ሁለት መዝገብ አለው። አንደኛው በመራጮቹ ፊት የሚናገረው ንግግር ነው፤ ይህን ሕዝቡ በጆሮው ይሰማል። ሁለተኛው በምክር ቤት የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ሕግ የሚሆነው፣ ግብር የሚጥለው፣ በጀት የሚመድበው ይህ ነው። ሕዝቡ ግን ይህን ሁለተኛውን አያየውም።

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን የሚቆይ ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። እንደራሴው በዕረፍቱ ወደ መራጮቹ ይመለሳል። በሐይቅ ወይም በውጫሌ ስብሰባ ይጠራል፤ ሕዝቡ ስለ መንገድ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ጸጥታ ይጠይቀዋል። እርሱም «ጉዳያችሁን አቅርቤአለሁ፤ ተከራክሬላችኋለሁ» ይላል። ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ በምክር ቤት ሲናገር በቴሌቪዥን ያየው ሰውም ይኖራል። ነገር ግን ጠዋት ጠንካራ ጥያቄ አቅርቦ፣ ቀትር ላይ ጥያቄውን ለሚያፈርስ ውሳኔ እጅን ማንሣት የሚቻል ነገር ነው። የተጠየቀው መንገድ የሚሠራው በጥያቄው አይደለም፤ ከሐምሌ 1 በፊት በሚጸድቀው በጀት ውስጥ ሲገኝ ነው። ስለዚህ መራጩ «ምን ተናገርክ?» ብሎ ብቻ ቢተው ግማሹን ጠየቀ እንጂ ሙሉውን አልጠየቀም። «እጅህን ለየትኛው አነሣህ?» ማለት ይገባዋል።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በምክር ቤታችን ለረጅም ዘመን የጸናው ልማድ እጅ በማውጣት ድምፅ መስጠትና ቁጥሩን ማስታወቅ ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ በይህን ያህል ተቃውሞ፣ በይህን ያህል ድምፀ ተዐቅቦ ጸደቀ» ይባላል። ቁጥር ይነገራል፤ ስም አይነገርም። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች የተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው 1 ብቻ ነበር፤ እርሱንም የያዙት ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። በዚያ ዘመን «በአንድ ተቃውሞ» ሲባል የሰማ ሁሉ ተቃዋሚው ማን እንደሆነ ሳይነገረው ይገምት ነበር። የአንድ እንደራሴ ድምፅ በስሙ እንዲታወቅ ብቻውን መቅረት ነበረበት ማለት ነው! ከቀሩት መካከል የሐይቁ ወይም የአምባሰሉ ተመራጭ በየጉዳዩ ምን እንደወሰነ ግን መራጩ በምን ይገምታል?

ሌላም ምስክር አለ። በ2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር። ድምፅ የተሰጠው በየካቲት 23 ቀን፣ በዓድዋ መታሰቢያ ዕለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ያለው አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በመጀመሪያ 346 አባሎች እንደደገፉት ተነገረ፤ ይህ ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በታች ነበር። ጥቂት ቆይቶ ስሕተት ነው፣ ትክክለኛው 395 ነው ተባለ፤ ይህኛው በላይ ነበር። የተቃወሙት 88፣ ድምፀ ተዐቅቦ ያደረጉት 7 ተብለዋል። አዋጁ መጽደቅ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወው። የምጠይቀው የመዝገቡን ነገር ነው። የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ አንጻር ተጽፎ ለሕዝብ ቢገለጥ ኖሮ፣ በ346 እና በ395 መካከል ያለውን የ49 ሰው ልዩነት ማንም ጸሐፊ ስሞቹን ቆጥሮ ባስታረቀው ነበር። ስም ስለሌለ ግን አማኙም ተጠራጣሪውም ያለ ማስረጃ ቀሩ።

ደግሞም አስተውሉ። በዚያን ጊዜ መቀመጫዎቹን ሁሉ የያዙት የገዥው ፓርቲና የአጋሮቹ ተመራጮች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል 88ቱ «አይሆንም» ሲሉ፣ ትክክል ይሁኑም አይሁኑም፣ ቀላል ነገር አልፈጸሙም። ነገር ግን ስማቸው ከቁጥሩ ጋር አብሮ ስላልተነበበ፣ የመረጣቸው ሕዝብ ሊያመሰግናቸውም ሊወቅሳቸውም አልቻለም። እጁን ለድጋፍ ያነሣ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ «እኔም ከ88ቱ አንዱ ነኝ» ቢል የሚያስተባብለው መዝገብ የለም። በእውነት የተቃወመውም «ተቃውሜአለሁ» ቢል የሚመሰክርለት መዝገብ የለም። የመዝገብ መጥፋት የሚጎዳው ቃሉን ያጠፈውን ይመስለናል፤ አብልጦ የሚጎዳው ግን ቃሉን የጠበቀውን ነው።

ሕገ መንግሥቱ በ54ኛው አንቀጽ የምክር ቤቱ አባሎች የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ገልጾ፣ ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት ማንም አባል እንዳይከሰስ ይከለክላል። ከዚያም ቀጥሎ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይደነግጋል። እነዚህን ድንጋጌዎች አያይዘን እናንብባቸው። ሕግ ለአባሉ ጥበቃ የሰጠው ድምፁን በግልጽ እንዲሰጥ ነው፤ ለመራጩም የማንሣት ሥልጣን የሰጠው የአባሉን ሥራ አውቆ እንዲፈርድ ነው። ሥራውን የማያውቅ ዳኛ ምን ብሎ ይፈርዳል?

«ድምፁ በስም ቢገለጥ አባሉ ይፈራል፤ ኅሊናውን አይከተልም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እጅ ሲነሣ በአዳራሹ የተቀመጠው ሁሉ ያያል፤ የፓርቲው አለቃ ያያል፤ ሚኒስትሩ ያያል። የማያየው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ያለው መራጭ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ልማድ አባሉን ከሚያስፈራው ሰው አልሰወረውም፤ የሰወረው ከላከው ሰው ነው። የመራጩ ድምፅ ምስጢር የሚሆነው የራሱ ሀብት ስለሆነ ነው፤ የእንደራሴው ድምፅ ግን አደራ ነው፤ አደራም በባለቤቱ ፊት ይቆጠራል።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር አስቀድመው አስበውበታል። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በጉዳዩ የተከፈሉትን አባሎች በስም ዝርዝር ማሳተም የጀመረው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1836 ነው። በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ከተገኙት አባሎች አንድ አምስተኛው ከጠየቁ የእያንዳንዱ «አዎን» እና «አይደለም» በምክር ቤቱ መዝገብ እንዲጻፍ ያዝዛል። ይህን የሚያደርጉት አባሎቻቸው ሁሉ ጻድቃን ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም ሰው ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

እናንተም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አድማጮቼ፣ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የጨረታ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ እያንዳንዱ በስሙ አንጻር ይፈርማል፤ ያልተስማማውም የልዩነት ሐሳቡን ያስመዘግባል። ከዓመታት በኋላ የሒሳብ መርማሪ ቢመጣ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ማን ምን እንዳለ ይናገራል። ለጠረጴዛና ለወንበር ግዥ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለሚተዳደርበት አዋጅ ስም መጻፍ እንዴት ይከብደናል? አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እንደራሴው በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችሁ ሲመለስ በትሕትና ተቀብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። በዚህ ዓመት የትኞቹ አዋጆች ለውሳኔ ቀረቡ? አንተ ለእያንዳንዱ ምን ድምፅ ሰጠህ? ስለምን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ እንደራሴ የመላው አገር ተወካይ ነውና አንዳንድ ጊዜ የሐይቅን ፍላጎት ለአገር ጥቅም አሳልፎ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ምክንያቱን በግልጽ ከነገራችሁ አክብሩት፤ ባትስማሙም አክብሩት። መልሱንም በጽሑፍ ያዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ መልስ ጋር አስተያዩት። ምክር ቤቱ የስም መዝገብ እስኪያወጣ ድረስ መዝገቡ በእናንተ እጅ ይሁን።