«…ን አደራ»፤ ምኑን ይሆን?

(የጎባና የሮቤ ልጆች በቅርቡ አዲስ አበባ ተሰባስበው «አንድ የድሮ ዘፈን፣ አንድ ትዝታ» በሚል የየራሳቸውን ሲያወጉ አምሽተው ነበር። ከዚያ ምሽት ንግግሮች አንዱን እነሆ! ተናጋሪው «የእናቴ ጉዳይ ስለሆነ ስሜ ይቅር» ስላሉን ስማቸውን ትተነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)



አዘጋጆቹ «አንድ ዘፈን ብቻ» ብለውኝ ነበር። አልሆነልኝም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ስለዚህ አራት ይዤ መጥቻለሁ። ሦስቱን ቶሎ ቶሎ እልላችኋለሁ፤ አራተኛው ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው የተሾመ ምትኩ «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» ነው። ከሶል ኤኮስ ባንድ ጋር ሲዘፍነው እኔ ገና አልተወለድኩም። የሰማሁት በደርግ ጊዜ፣ ጎባ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ከነበረች አንዲት ቡና ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። ባለቤቲቱ ሸክላ ማጫወቻ ነበራቸው። ሕፃን አይገባም፤ በር ላይ መቆም ግን ማን ይከለክላል?

ጎባን ታውቋታላችሁ። ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበላይዋ ሰነቲ፣ ከዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ። ሁላችንም ቤታችን ጋራ ሥር ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ስለ አንዲት የጎባ ልጅ እንደተዘፈነ የተጠራጠረ አልነበረም። እገሊት ናት፣ የለም የእገሌ እህት ናት እየተባባልን ተፈነካክተናል። ሮቤዎችማ ምን ይበሉ? ሜዳ ላይ ናቸው! (ሳቅ) ቆይ፣ አትሳቁ። በኋላ የአስተዳደር ከተማነቱን ወስዳችሁ ተበቅላችሁናል።

የሚገርመው፣ እኛ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ዘፈነልን የምንለው ሰውዬ ዘፈኑ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ አገር ለቆ ሄዶ፣ ረዥም ዘመን በስካንዲኔቪያ አገሮች ኖሯል። እሱ በረዶ አገር፣ ድምፁ ጎባ። ዘፈን እንዲህ ነው፤ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ደግሞ ያ ሸክላ እንዲያው በቀላሉ አልመጣም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። ዐምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1961 ዓ.ም. «የመጣው ይምጣ» ብሎ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። ከዚያ በኋላ ከመቶ የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ደርግ ሲመጣ አገር ለቆ ወጣ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅም የአዲስ አበባ የሌሊት ጭፈራ በሩን ዘጋ፤ ወይ በጊዜ ቤት ትገባለህ፣ ወይ በር ተዘግቶብህ እዚያው ታነጋለህ። ሸክላው ሄደ፣ ካሴት ነገሠ።

ሁለተኛው ዘፈኔ የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። ይኼ የአውቶቡስ ዘፈን ነው። ከአዲስ አበባ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ መንገዱ አቧራና ጭቃ። ሻሸመኔን አልፈህ፣ ኮፈሌን፣ ዶዶላን፣ አዳባን ይዘህ ወደ ዲንሾ ሽቅብ ስትወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ሾፌሩ ያችን ካሴት ያስገባታል። ዲንሾ ጋ ደጋ አጋዘኖቹ መንገድ ዳር ቆመው ያዩሃል። እኔ እስከ ዛሬ ማህሙድን በሰማሁ ቁጥር የሚሸተኝ ናፍጣና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነው። የካይፋው ዓሊ በ1960ዎቹ አጋማሽ ያሳተመውን ያንን ሙዚቃ፣ ብራስልስ ያለ አንድ ኩባንያ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ለፈረንጅ አቀረበው። ፈረንጆቹ ተደመሙ። እኛ አዳባ ላይ ከተደመምን ቆይተናል!

ሦስተኛው የዓሊ ቢራ ነው። እዚህ ላይ ቤታችንን ማስተዋወቅ አለብኝ። አባቴ ሮቤ አካባቢ የመንግሥት እርሻ መካኒክ ነበር፤ ትራክተርና ኮምባይነር ይጠግናል። ቋንቋው ኦሮምኛ። እናቴ አማርኛ። እኛ ልጆቹ ምሳ በአንዱ፣ ራት በሌላው። ቤት ውስጥ ያለችው ራዲዮ ካሴት አንድ፣ ድንጋዩ ስድስት። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጎባ ላይ ፀሐይ ከተገኘ! ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ጦርነቱ ይጀመራል። አባቴ «ዓሊ ቢራ!» ይላል፤ እናቴ «ጥላሁን!» ትላለች።

ዓሊ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ አፈራን ቀሎ ከሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ጋር ተነሣ። ቡድኑ በዘመኑ ባለሥልጣኖች ታግዷል። «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘውም ክረምት ወጥቶ ስለሚፈካው ወራት ከዘፈነው ዘፈን ነው። በኦሮምኛ ዘፍኗል፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛም ዘፍኗል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ አዳማ ላይ ሲያርፍ የሮቤው ገበያና የአባቴ ዘይት የጠገበ ቱታ ትዝ አሉኝ።

አባቴ አንድ ቀን ክርክሩን በብልሃት ረታ። «ጥላሁንሽም እኮ በኦሮምኛ ዘፍኗል» አላት። እውነቱን ነው፤ ጥላሁን ወሊሶ ያደገ ሰው ነው። እናቴ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ለምን ያንተ ይሁን? ሁለታችንም ቤት ነዋ ያለው!» አለችው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ለጥላሁን ሆነ።

አሁን ወደ አራተኛው።

ይኼ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ነው። ርዕሱን አልናገርም፤ የእናቴ ነው። ትሰሙታላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ በ1978 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ይጠብቅ ነበር። ከሥልጠና በኋላ ወደ ሰሜን፣ ኤርትራ ግንባር ላኩት። በ1979 ዓ.ም. ፈቃድ በወጣ ጓደኛው እጅ ካሴት ላከልን። ያኔ እንዲህ ነበር፤ መጻፍ የሰለቸው፣ ወይ ቤቱ ማንበብ የማይችል ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው የተናገረው። ሁላችንንም በየስማችን እየጠራ። ከኋላው ንፋስ ይሰማል። የቀረው ካሴት ባዶ ነው።

ወንድሜ ጠንቃቃ ልጅ ነበር። ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ጥርሶች እንዳሉት ታስታውሳላችሁ? እነሱ ከተሰበሩ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ወንድሜ ጥርሶቹን ሰብሮ ነበር የላከው።

እኔ 14 ዓመቴ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ራዲዮ ላይ ያ የጥላሁን ዘፈን ሊጀምር ሲል፣ እጄ ላይ ያለው ካሴት እሱ ብቻ ነበር። ደግሞ ለእናቴ ብዬ ነው፤ ዘፈኑን ትወደዋለች፣ ላስደስታት። ጥርሱ የተሰበረበት ቀዳዳ ውስጥ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ጠቀጠቅሁ። ባዶው ጎን ነው ብዬ አስገባሁት። ቀዩን ቁልፍና ፕሌዩን አንድ ላይ ተጫንኩ።

ጎኑን ተሳስቼ ነበር።

ቴፕ ሲቀዳ ሁለት ሥራ በአንዴ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ የነበረውን ይደመስሳል፣ ቀጥሎ የራሱን ይጽፋል። ይህን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ከምናምን ነው። ሲያልቅ አጠፋሁት። ወደ ኋላ አጠንጥኜ ሰማሁ። ጥላሁን ዘፈነ፣ ዘፈነ፣ አበቃ። ከዚያ «ቀጭ» አለና የወንድሜ ድምፅ ከመሐል መጣ፤ «…ን አደራ። በሉ ደህና ሁኑ» አለ።

ይኸው ነው የተረፈው። «…ን አደራ። በሉ ደህና ሁኑ።»

ለማንም አልተናገርኩም። ካሴቱን ሳጥን ውስጥ መለስኩት። መጋቢት 1980 ዓ.ም. የአፋቤት ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ደብዳቤም፣ ሰውም፣ ካሴትም አልመጣም። መርዶም አልመጣም። አንድ ማታ እናቴ «እስቲ የልጄን ድምፅ አሰሙኝ» አለች። እግሬ ከዳኝ። አባቴ ካሴቱን አስገባው። ጥላሁን ጀመረ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ግን እጇን አነሣች፤ ተዉት እንደ ማለት። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ቀጭ» አለ። «…ን አደራ። በሉ ደህና ሁኑ።» እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና «አለ። ድምፁ አለ» አለች። አልመታችኝም። አልሰደበችኝም። ቢመቱኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየእሁዱ ያንን ዘፈን ትሰማለች። ጎረቤት «የጥላሁን ነገር አይሆንላትም» ይላል። እሷ የምትጠብቀው ከዘፈኑ ኋላ ያለውን ነው። ማጠንጠን አይፈቀድም፤ ክሩ እንዳይበላ። ስድስቱን ደቂቃ ትቀመጣለህ።

ታዲያ ምኑን ነበር አደራ ያለን? ካሴቱን መጀመሪያ ስንሰማው ሁላችንም እያለቀስን ነበር፤ በደንብ የያዘው የለም። እናቴ «እህታችሁን አደራ ነው ያለው» ትል ነበር። አባቴ «በሬዎቹን አደራ፤ እኔ ሰምቻለሁ» ይላል። እህቴ «ትምህርታችሁን አደራ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ በልቤ «እማዬን አደራ» ይመስለኛል። አራት ሰው፣ አራት አደራ። ሦስት ጊዜ በዚህ ተኳርፈናል። መስካሪው ካሴት ነበር፤ እሱን እኔ ደመሰስኩት።

ካሴቱ ክሩ እየሳሳ ሲሄድ፣ እዚህ አዲስ አበባ ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ አንድ ወጣት ወሰድኩት። «ከጥላሁን ሥር ያለውን ማውጣት ይቻላል?» አልኩት። አዳመጠ፣ ነካካ፣ አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ የተደመሰሰ ተደምስሷል» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ላስለቅሳችሁ አይደለም። አገራችንም እንደኔ ያለ ልጅ እጅ ላይ የወደቀ ካሴት ሆናለች ብዬ ስለምፈራ ነው። አንዱ መንግሥት ይመጣል፤ የቀደመው የቀዳውን አይሰማም፣ በላዩ ላይ ይቀዳል። መዝሙር ይቀየራል። የመንገድ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም ይቀየራል። ደርግ በንጉሡ ላይ ቀዳ፣ ኢሕአዴግ በደርግ ላይ ቀዳ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውም ቀዩን ቁልፍ አላጣውም። ሁሉም እንደኔ «ለእናንተው ብዬ ነው» ይላሉ። ጎኑን መሳሳታቸውን የሚነግራቸው የለም።

ዘፈንንም አልማሩትም። በ1997 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ጃ ያስተሰርያል» በየታክሲውና በየቡና ቤቱ ሲዘፈን በመንግሥት ሬዲዮ ግን አይሰማም ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ በዚያ ሰሞን በብዙ ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ቤት ተቃጠለ። አንዱ «የኔ ዘፈን ብቻ»፣ ሌላው «የኔ ብቻ» ሲል፣ ያቺ በአንድ ራዲዮ ካሴት ዓሊንም ጥላሁንንም የሰማች ቤት የት ትግባ? እናቴ «ሁለታችንም ቤት ነዋ ያለው» ብላ በአንድ ቃል የዘጋችውን ክርክር፣ የተማሩት ሊዘጉት አቃታቸው።

የድሮ ሸክላዎቻችንን ማን ሰበሰበልን? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» እያለ ሲዲ በሲዲ ላይ አወጣ። እግዜር ይስጠው። ግን እንጠይቅ፤ የባህል ነገር አለኝ የሚለው የእኛ መሥሪያ ቤት ያኔ የት ነበር? በየሬዲዮ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ያለው ክርስ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ይገልበጥ፣ ይቆጠር፣ ለሕዝብ ይከፈት።

መንግሥት እስኪሰማ ደግሞ እኛ አንቀመጥ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሳጥናችሁን ክፈቱ። ካሴት ካገኛችሁ የማን ድምፅ እንደሆነ ጻፉበት። የኦሮምኛውንም፣ የአማርኛውንም፣ የወንድማችሁንም። ጥርሱን ስበሩ። ጥርሱ ተሰብሮ ያገኛችሁት ከሆነ ግን እባካችሁ ወረቀት አትጠቅጥቁበት። የሰበረው ሰው ምክንያት ነበረው።

እናቴ ካረፈች ቆየች። እስከ መጨረሻው እሁድ ድረስ አዳምጣዋለች። አሁን ያንን ዘፈን አሰማችኋለሁ። ስድስት ደቂቃ ነው፣ ታገሡ። ጥላሁን ሲጨርስ እባካችሁ ቶሎ አታጨብጭቡ።

ከኋላው ሰው አለ።